ያኩፖቭን ማን አበላሸው?

የኤድመንተኗ፦ ትናንት ቡና ላይ የጀመርነው ጭቅጭቅ ስላላለቀ እዚህ አመጣሁት። ናይል ያኩፖቭ በ2012 (ሁሉንም በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ድራፍት ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠ የሩሲያ ልጅ ነው። የእኛው ከተማ ኦይለርስ ወሰዱት። 6 ዓመት፣ 350 ጨዋታ፣ 62 ጎል፤ በ2018 ወደ አገሩ ተመለሰ። ጥፋቱ የማን ነው? እኔ የክለቡ ነው ባይ ነኝ።

ባለድራፍቱ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ በረዶ የማውቀው ብርጭቆ ውስጥ ነው። ድራፍት ስትሉ ቢራ መስሎኝ ነው የገባሁት።

የኤድመንተኗ፦ ገደልከኝ! ድራፍት ክለቦች ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ደካማው ቀድሞ ያነሳል፣ የመጀመሪያውን ተራ ግን ዕጣ ይወስነዋል። ኦይለርስ ከ30 ክለብ 29ኛ ወጥተው ዕጣው ደረሳቸው። ያውም ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ቁጥር አንድ መምረጣቸው ነው! በ2010 ሆል፣ በ2011 ኑጀንት-ሆፕኪንስ፣ ከዚያ ያኩፖቭ።

ባለታክሲው፦ ጃንዋሪ 2013፣ ከሎስ አንጀለስ ኪንግስ ጋር። ተሳፋሪ ይዤ በሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ኪንግስ የዋንጫው ባለቤት ናቸው፣ 1 ለ 0 እየመሩ ነው። ሊያልቅ 4.7 ሰከንድ ሲቀረው ልጁ አገባ! ተሳፋሪዬ ዘሎ የታክሲውን ጣሪያ በጭንቅላቱ መታው። ማታ ቤት ገብቼ ሳየው ደግሞ ልጁ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች በጉልበቱ በረዶው ላይ ሲንሸራተት ነው። በጭማሪ ሰዓት አሸነፍን። ደስታው በዛ ብለው የወረዱበት ተንታኞችም ነበሩ፤ 19 ዓመቱ ነበር እኮ።

ቁጥር አይዋሽም፦ ጋሼ፣ ችግሩ ያ ዓመት ነው። ክለቦቹና ተጫዋቾቹ በውል ተጣልተው ወቅቱ 48 ጨዋታ ብቻ ነበር። ያኩፖቭ 17 ጎል አገባ። በስንት ምት? በ81። ከአምስት ምት አንዱ ጎል ማለት ነው። በዚህ የሚዘልቅ አጥቂ አሳዩኝ። ከ17ቱ ሦስቱ ደግሞ በመጨረሻው ጨዋታ ቫንኩቨር ላይ የገቡ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በ63 ጨዋታ 11። ልጁ አልወረደም፤ ጣሪያ ላይ የሰቀልነው እኛ ነን።

የኤድመንተኗ፦ አሰልጣኞቹንስ ቆጥረሃል? ክሩገር በ2013 ተባረረ። ኢኪንስ መጣ፣ ዲሴምበር 2014 እሱም ተባረረ። ኔልሰን ያዘው። በ2015 ማክሌላን። ከታዳጊ ሊግ ገና የመጣ ልጅ በየጊዜው አዲስ አለቃ፣ አዲስ ትእዛዝ።

የቶሮንቶው አባት፦ እህቴ፣ ሆልና ኑጀንት-ሆፕኪንስም እዚያው ትርምስ ውስጥ ነበሩ። እነሱ ተጫዋች ወጣቸው። ልጄን ሆኪ ሳመላልስ የማየውን ልንገርሽ። ትንንሾቹ ፓኩ (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ወዳለበት ሁሉ ይግተለተላሉ። አሰልጣኛቸው “ቦታህን ያዝ!” እያለ ጉሮሮው ይነቃል። ያኩፖቭ ምቱ መብረቅ ነው፣ ግን ያንን ትምህርት አልጨረሰም። በ2013-14 ፕላስ ማይነሱ −33 ነበር። ባጭሩ እሱ በረዶ ላይ ሲሆን ቡድኑ ይገባበታል።

የኤድመንተኗ፦ ቡድኑ ራሱ ወንፊት ነበር! ዴሪክ ሮይ የሚባል ልምድ ያለው አማካይ አጠገቡ ሲመጣ ነቃ ያለውን አላያችሁም? በ2015-16 ወቅት መጀመሪያ ከኮከቡ ማክዴቪድ ጋር ሲሰለፍስ?

ቁጥር አይዋሽም፦ ከማክዴቪድ ጋር እኔም ጥሩ እመስላለሁ።

የቶሮንቶው አባት፦ በ2016 ሴንት ሉዊስ ወሰደው፦ 40 ጨዋታ፣ 3 ጎል። ከዚያ ኮሎራዶ፦ 58 ጨዋታ፣ 9 ጎል። እነሱም ኦይለርስ ናቸው?

ባለታክሲው፦ ወጡን እዚህ አሳርራችሁ ጎረቤት ሲያሞቀው ካልጣፈጠ ትላላችሁ?

ባለድራፍቱ፦ እሺ፣ እሱን ባይወስዱስ ማን ነበር?

ቁጥር አይዋሽም፦ ጥሩ ጥያቄ። ሁለተኛ የተመረጠውን፣ ራያን መሪ የሚባለውን ተከላካይ፣ ጉዳት አላስቀምጥ አለው። ሦስተኛው ጋልቼንዩክ፣ በሳርኒያ ታዳጊ ቡድን ከያኩፖቭ ጋር የተጫወተ፣ እሱም የተባለለትን ያህል አልሆነም። ጎበዝ አጥቂ የወጣው ፎርስበርግ ግን በ11ኛው ተራ ነው የተነሳው። ቫሲሌቭስኪ፣ በ2020 እና በ2021 ከታምፓ ጋር ዋንጫ የበላው በረኛ፣ በ19ኛው። ያን ቀን የሳተው ኦይለርስ ብቻ አይደለም።

የኤድመንተኗ፦ ይህቺን እቀበላለሁ። የአሰልጣኞቹን ነገር ግን አልለቅም።

ባለድራፍቱ፦ ጎሏን አሁን ፈልጌ አየኋት። ሦስቴ ደገምኳት፣ ምኑም ሳይገባኝ! ጋሼ፣ ያ ተሳፋሪ ግን ሂሳብ ከፈለ?

ባለታክሲው፦ ከነጉርሻው። ጭንቅላቱን እያሻሸ።