ሜዲስን ቦል ለጦር ወርዋሪ፦ የልጅቱ ክርን አሳስቦኛል

የስፖርት መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

ሰላም ወገኖቼ። አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ አለችኝ፣ ጦር ትወረውራለች። ማማ ላይ ሆና በቆሎ ስትጠብቅ፣ ወንጭፍ ስትወነጭፍ ያደገች ልጅ ናት። ክንዷ ሌላ ነው። ሜዲስን ቦል፣ ማለትም ለልምምድ የሚወረወር ከባድ ኳስ፣ ስለሌለን ራሴ ሠራሁላት። ያረጀ እግር ኳስ ቀድጄ አሸዋ ጨመርኩበት፣ በከመነዳሪ ጠቀለልኩት። ሱቅ ወስጄ ሳስመዝነው 4 ኪሎ ሆነ። ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካ ቤዝቦል ወርዋሪዎች በከባድ ኳስ ሲሠሩ አይቼ ነበር። እሷንም በአንድ እጇ፣ ከትከሻዋ በላይ፣ በየቀኑ አስወረወርኳት። በሦስተኛው ሳምንት የክርኗ ውስጠኛ ጎን ያማት ጀመር። እሷ አትናገርም። ጦሩን ስታነሳ ፊቷ ሲቋጠር ነው ያወቅሁት። እንቅልፍ ነሳኝ። ኳሱን ልተወው ወይ?

ጋሽ ወርዋሪ፣ ደብረ ማርቆስ

መምህር፣ ውርወራውን ዛሬውኑ አስቁማት። ሐኪም ይያት። ቤዝቦል ወርዋሪዎችንም የሚጎዳቸው እዚያው የክርን ውስጠኛ ጎን ያለው ጅማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ለቤዝቦል ወርዋሪው ለቶሚ ጆን የሠሩለት ቀዶ ጥገና እስከ ዛሬ በተጫዋቹ ስም ይጠራል። ልጅቷ እዚያ ደርሳለች ማለቴ አይደለም። ግን ክርን ላይ ቀልድ የለም።

ኳሱ ጥፋት የለበትም፣ አሠራሩ ነው። በእሷ ዕድሜ የሴቶች ጦር 500 ግራም ነው። አንተ ስምንት እጥፉን በአንድ እጅ አስወረወርካት። የቤዝቦል ኳስማ 145 ግራም ገደማ ናት።

ለቡሄ ጅራፍ ስናጮህ አስበው። እጀታው ትንሽ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ የሚጮኸው ጫፉ ነው። ውርወራም እንደዚያ ነው። ኃይሉ ከእግር ይነሳል፣ ዳሌን አልፎ በወገብና በደረት ወደ ትከሻ ይወጣል። ክንድ የጅራፉ ጫፍ ነው። ሜዲስን ቦል ደግሞ ለእጀታው ነው፣ ለዳሌና ለወገብ።

ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ በሁለት እጅ ትሥራ። ክብደቱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይበቃል። ግድግዳውን በጎኗ አድርጋ ትቁም። የኋላ እግሯ ይግፋ፣ ዳሌዋ ቀድሞ ይዙር፣ ኳሱ መጨረሻ ይውጣ። በቀኝ 6፣ በግራ 6፣ ሦስት ዙር። በየዙሩ መሀል ሁለት ደቂቃ ትረፍ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃታል። ኳሱ መፍጠኑን ሲተው ለዚያ ቀን በቃ። የምንፈልገው ፍጥነት ነው፣ ድካም አይደለም።

የጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔም ወርዋሪ ነበርኩ። በጣም የጠቀመኝ ተንበርክኮ በሁለት እጅ ከራስ በላይ መወርወር ነው። እግር ስለማይረዳ ሆድና ደረት ይሠራል። በቀኝ እጇ ከሆነ የምትወረውረው፣ ቆማ ስትሠራ የግራ እግሯን እየው። ጉልበቷ ከታጠፈ ኃይሉ እዚያው ይቀራል።

ግድግዳችሁ ጭቃ ከሆነ ይፈርስባችኋል፣ ሜዳ ላይ ወርውሩ። አሸዋው ላይ ጭድ ቀላቅልበት፣ ይቀላል።

ቪዲዮ በማየትህ ደግሞ አትዘን። የኬንያው ጦር ወርዋሪ ጁሊየስ ዬጎም መጀመሪያ በዩቲዩብ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

የስፖርት መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ለጊዜው ምንም እንዳትወረውር ተብላለች፣ ቀጠሮም አላት። እናቷንም ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ኳሱን ፈትቼ አሸዋውን አፈሰስኩት፣ ጭድ ቀላቅዬ 1 ኪሎ ተኩል አድርጌዋለሁ። እስከዚያ እግሯ ላይ እንሠራለን። ነገ 12 ሰዓት ላይ ዳገቱ ሥር ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።