መኪናዬ የለችም! የትኛው ፖሊስ ነው የሚመለከተው? (ሰሜን ቨርጂኒያ)

የማታ ፈረቃ፦
ወገኖቼ፣ ባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሥራ ልሄድ ስወርድ መኪናዬ የለችም። ያቆምኩበት ቦታ ላይ የማላውቀው መኪና ቆሟል። አድራሻዬ ላይ የተጻፈው ከተማ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። «ይሄ የእኛ ክልል አይደለም» አሉኝ። ኢንሹራንሱ ደግሞ የፖሊስ ኬዝ ቁጥር ይፈልጋል። ሸሪፍ ጋ ልደውል? ስቴት ፖሊስ ጋ? ግራ ገባኝ።

ባለ ካምሪ፦
911 ደውይ። ሁሉም እዚያው ነው።

ሰላም ለሁሉ፦
አይዞሽ እህቴ። ግን የትኛው ከተማ ነው? የት ነው ያቆምሽው? እሱን ሳትነግሪን ማን እንደሚመለከተው መናገር አይቻልም።

የማታ ፈረቃ፦
አፓርትመንቴ ፓርኪንግ ነዋ! ቤይሊስ ክሮስሮድስ። አድራሻዬ ግን ፎልስ ቸርች ነው የሚለው።

ላውደን ነኝ፦
ሸሪፍ ጋ ደውይ። እኔ እዚህ ላውደን ካውንቲ ነው የምኖረው። መኪና ቢሰረቅ፣ ሌባ ቢገባ፣ ጎረቤት ቢጣላ የሚመጣው ሸሪፍ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የካውንቲ ፖሊስ ማለት ሸሪፍ ነው።

የድሮ ሰፈርተኛ፦
ልጆቼ፣ ትንሽ ረጋ በሉ። ይህን ነገር ከሥሩ ካላወቃችሁ ሁልጊዜ ትደናገራላችሁ። ቨርጂኒያ 95 ካውንቲዎችና 38 ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች አሏት። አብዛኛው የአሜሪካ ስቴት ውስጥ ከተማ የሚገኘው በካውንቲ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ከተማ ከካውንቲ ውጭ ነው። ካርታው ላይ ፎልስ ቸርች በፌርፋክስና በአርሊንግተን ተከብባ ትታያለች፤ በሕግ ግን የሁለቱም አካል አይደለችም። የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ፖሊስ አላት። በጣም ትንሽ ከተማ ናት።

ታዲያ ፖስታ ቤቱ «ፎልስ ቸርች» የሚለውን ስም ከከተማዋ ወሰን ውጭ ላለ ሰፊ ቦታ ሁሉ ይጠቀምበታል። አሌክሳንድሪያም እንደዚያው ናት። ፍራንኮኒያ አካባቢ የሚኖር ሰው ደብዳቤው «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ ይመጣለታል፤ የሚኖረው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። የፖስታ አድራሻ የሚነግርሽ ፖስተኛው ከየት እንደሚነሣ ነው። የፖሊስን ወሰን አይነግርሽም።

ስለዚህ «የእኛ ክልል አይደለም» ያሉሽ እውነታቸውን ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው።

ላውደን ነኝ፦
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ካውንቲ ከሆነ ግን ያው ሸሪፍ ነው።

ፍርድ ቤት አስተርጓሚ፦
አይደለም ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ እህታችን ጊዜዋን ታባክናለች። ላውደን የካውንቲ ፖሊስ የለውም። ስለዚህ ወንጀሉንም፣ ጥበቃውንም፣ እስር ቤቱንም የያዘው ሸሪፍ ነው። አንተ ያየኸው እሱን ነው፣ ልክ ነህ። ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና ፕሪንስ ዊሊያም ግን ለብቻው የተቋቋመ የካውንቲ ፖሊስ አላቸው። እዚያ የሸሪፍ ቢሮ ዋና ሥራው እስር ቤት፣ የፍርድ ቤት ጥበቃና መጥሪያ ማድረስ ነው። ከቤት ማስወጣትም የሚፈጸመው በሸሪፍ ነው። የተሰረቀ መኪና ኬዝ ፌርፋክስ ውስጥ የሚከፍተው የካውንቲው ፖሊስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሸሪፍ በስቴቱ ሕገ መንግሥት የተደነገገ፣ ሕዝብ በየ4 ዓመቱ የሚመርጠው ባለሥልጣን ነው። የፖሊስ አዛዥ ግን ይሾማል እንጂ አይመረጥም። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሠሩት ለዚህ ነው። አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ «ፖሊስ እምቢ ካለኝ ለሸሪፉ እከሳለሁ» ሲል እሰማለሁ። እንደዚያ አይሠራም።

ባለ ካምሪ፦
911 ደውይ አልኩ እኮ። ለምን ታስረዝማላችሁ?

ቆይ ቆይ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ተሰርቋል ያለሽ ማነው? የተሰበረ መስታወት አየሽ? ቶው ተደርጎ፣ ማለት በጎታች መኪና ተነሥቶ ቢሆንስ? ማታ ማታ የአፓርትመንት ፓርኪንግ የሚዞሩ ቶው መኪኖች ስንቱን አስለቅሰዋል። ስቲከርሽ ተለጥፏል? ያቆምሽው የራስሽ ቦታ ላይ ነው?

የማታ ፈረቃ፦
አይ፣ የእኔን ቦታ ሰው ይዞብኝ ነበር። እንግዶች የሚያቆሙበት ላይ ነው ያቆምኩት። ግን ሁልጊዜ አቆማለሁ፣ ማንም ነክቶብኝ አያውቅም። ደግሞ ስልክ አልደወሉልኝም።

ቆይ ቆይ፦
ይኸው! መጀመሪያ ይሄን ብትነግሪን ጥሩ ነበር። ቶው የሚያደርግ ሰው ላንቺ አይደውልም። እንግዶች የሚያቆሙበት ቦታ ላይ ነዋሪ ካደረ ብዙ ቦታ ያነሡታል። የሕንጻው መግቢያ ላይ የቶው ኩባንያው ስምና ስልክ የተጻፈበት ምልክት ካለ ሂጂና አንብቢው።

ፍርድ ቤት አስተርጓሚ፦
ትክክል ነው። በቨርጂኒያ ሕግ መኪናን ከግል ፓርኪንግ የሚያነሣ ቶው ኩባንያ ለአካባቢው ፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ እህቴ፣ ለፌርፋክስ ካውንቲ ፖሊስ አስቸኳይ ባልሆነው መስመር ደውዪ፦ 703-691-2131። መጀመሪያ ታርጋሽን ንገሪያቸውና «ቶው ተደርጓል ወይ?» በያቸው። ከተደረገ የት እንዳለ ይነግሩሻል። ካልተደረገ እዚያው ላይ «እንግዲያውስ ተሰርቆብኛል» ትያለሽ፤ ኬዝ ይከፈትልሻል።

ታርጋሽንና የሻንሲ ቁጥሩን አዘጋጂ። የሻንሲው ቁጥር ኢንሹራንስ ካርድሽ ላይ አለ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ «አማርኛ» በይ፤ አስተርጓሚ በስልክ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ክፍያ የለውም። ይህን ሳያውቁ በግማሽ ቋንቋ ቃላቸውን የሚሰጡ ወገኖች ብዙ ናቸው። እባካችሁ ተጠቀሙበት።

ሰላም ለሁሉ፦
ሌባው አሁን እየነዳት ከሆነስ? ወይ ሌቦቹን ካየሽ? ያን ጊዜ 911 ነው። ባለ ካምሪም የተሳሳተ ነገር አላለም። የደወልሽበት ስልክ የሌላ ወሰን ማዕከል ቢያነሣውም ወደሚመለከተው ያስተላልፉሻል። አንቺ ያለሽበት ቦታ ድንበር ላይ ነው፤ ትንሽ ብትሄጂ አሌክሳንድሪያ ነው፣ በኮሎምቢያ ፓይክ ከወጣሽ አርሊንግተን ነው። ዋናው ነገር መኪናው የጠፋበትን ቦታ መንገር ነው። ቤትሽ የት እንደሆነ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ባለ ካምሪ፦
ተባረክ።

የማታ ፈረቃ፦
ለወደፊቱ ግን እንዴት ነው የማውቀው? በየቦታው ፓርክ ሳደርግ ካርታ ይዤ ልዞር?

የድሮ ሰፈርተኛ፦
ለቤትሽ ቀላል ነው ልጄ። የመኪና ግብር በየዓመቱ የምትከፍይው ለማነው? ደረሰኙ ላይ «ፌርፋክስ ካውንቲ» ካለ ያለሽው እዚያ ነው። በዚህ ስቴት የመኪና ግብር የሚሰበስበው ካውንቲው ወይም ከተማው ራሱ ስለሆነ ከፖስታ አድራሻ ይልቅ እሱ ይታመናል። የምትመርጪበት ቦታም ያው ነው።

ደግሞ ካውንቲ ውስጥ ታውን የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ። ቪየናና ሄርንደን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው፣ ግን የራሳቸው ፖሊስ አላቸው። ላውደን ውስጥም ሊስበርግ የራሷ ፖሊስ አላት። ስለዚህ ሊስበርግ መሐል ከተማ መኪናው የጠፋበት ሰው፣ የላውደኑ ወንድማችን እንዳለው ሸሪፍ ጋ ከመደወሉ በፊት ይቺን ያስብ።

ላውደን ነኝ፦
እኔ የምኖረው ከሊስበርግ ውጭ ነው ጋሼ። እዚህ ሸሪፍ ነው።

ቆይ ቆይ፦
ስቴት ፖሊስን ማንም አልመለሰላትም።

የድሮ ሰፈርተኛ፦
የቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ በ1932 ነው የተቋቋመው። ሥልጣኑ በመላው ስቴት ነው፤ በዚህ አካባቢ በብዛት የምታዩት ግን አውራ ጎዳና ላይ ነው። 95፣ 395፣ 495፣ 66 ላይ ብትጋጭ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ከሞባይል #77 ብትደውሉ ታገኙታላችሁ። ከአፓርትመንት ለጠፋች መኪና ግን መነሻው የአካባቢው ፖሊስ ነው።

ፍርድ ቤት አስተርጓሚ፦
ኬዙ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ታርጋው ኤፍቢአይ በሚያስተዳድረው የአገር አቀፍ መረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሜሪላንድም ዲሲም ያለ ፖሊስ ታርጋውን ሲያይ የተሰረቀ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ «ሌባው ወሰን ተሻገረ፣ አለቀልኝ» ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ኬዙ የሚከፈተው በአንድ ቦታ ነው፣ ፍለጋው ግን በሁሉም። ኢ-ዚ ፓስሽ (የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠው መሣሪያ) መኪናው ውስጥ ካለ አካውንትሽን ክፈቺና የት እንዳለፈ እዪ፤ ካየሽ ለፖሊሱ ንገሪው።

የማታ ፈረቃ፦
እሺ ደወልኩ። ታርጋውን ተቀብለውኛል፣ ቆይ ብለውኛል፣ መስመር ላይ ነኝ። አስተርጓሚ አምጥተውልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እመለሳለሁ።

ሰላም ለሁሉ፦
እንጠብቃለን። ቶው ሆኖ ይገኝ።

የዳለሱ መንገደኛ፦
በዚሁ አጋጣሚ እኔም ልጠይቅ። ዳለስ ኤርፖርት ፓርኪንግ ያቆምኩት መኪና መስኮቱ ተሰብሮ ጠበቀኝ። ይሄስ ፌርፋክስ ነው ላውደን?

ባለ ካምሪ፦
911።

ፍርድ ቤት አስተርጓሚ፦
ኤርፖርቱ በሁለቱም ካውንቲዎች መሬት ላይ ነው ያረፈው፤ ግን ሁለቱም ጋ አትሂድ። ዳለስና ሬገን ኤርፖርት ላይ የኤርፖርቶቹ ባለሥልጣን የራሱ ፖሊስ አለው። ሪፖርቱን እዚያው ለእነሱ ስጥ። ሜትሮ ባቡርና አውቶቡስ ላይ ለሚደርስ ነገርም የሜትሮ ትራንዚት ፖሊስ አለ፤ የእነሱ ሥልጣን ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ያቋርጣል። ከመኪናው የወሰዱት ነገር አለ ወይስ መስኮቱ ብቻ ነው? የተወሰደ ካለ ዝርዝሩን ጽፈህ ያዝ፤ ይጠይቁሃል።

የዳለሱ መንገደኛ፦
ልጄ መኪና ውስጥ የሚቀመጥበት የሕፃን ወንበር ጠፍቷል። አሁን ከኤርፖርቱ ወጥቻለሁ፤ መመለስ አለብኝ ወይስ በስልክ ይቀበሉኛል?

ፍርድ ቤት አስተርጓሚ፦
መጀመሪያ ደውልላቸው። ከመንቀሳቀስህ በፊት ፎቶ አንሥተሃል?