ጌታን የተቀበልኩበትን ቀን አላውቀውም፤ ራሴን በምን ልመርምር?

የመንደራዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ አማኝ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ስትጸልይ እየሰማሁ አደግሁ። ጥቅስ በቃሌ መያዝ የጀመርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ያላመንኩበትን ጊዜ ላስታውስ ብል ምንም አይመጣልኝም፤ ያመንኩበትን ቀን ላስታውስ ብልም እንደዚያው። “ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሡ” በተባለ ቁጥር ከሌሎቹ ልጆች ጋር እጄን ሳነሣ ነው የኖርኩት፤ የትኛው እንደ ተቆጠረልኝ እግዚአብሔር ይወቅ።

ባለፈው ወር ለአባልነት ሽማግሌዎች ፊት ቀረብኩ። የሰጡኝ ቅጽ ላይ ከስም፣ ከትውልድ ቦታና ከሥራ ቀጥሎ “ዳግም የተወለዱበት ቀን፣ ወር፣ ዓ.ም.” የሚል መስመር አለ። እስክርቢቶዬ እዚያ ላይ ቆመ። አንደኛው ሽማግሌ በደግነት “በግምትም ቢሆን ጻፊው” አሉኝ። ሁለተኛው ግን “ቀኑን ካላወቅሽው ገና አልሆነም ማለት ይሆናል፤ ሂጂና ራስሽን መርምሪ” አሉ። ቦታውን ባዶ ትቼው ወጣሁ።

ይህን የሰማ አንድ ወንድም ይረዳሻል ብሎ ቶማስ ሼፐርድ የሚባል የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፒዩሪታን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይበልጥ እንድትታደስ ይታገሉ ከነበሩት ፕሮቴስታንቶች ወገን የሆነ) ሰባኪ የጻፈውን በስልኬ ላከልኝ። አልረዳኝም። ሰውየው ክርስቲያን ነን ከሚሉት መካከል የሚድኑት እጅግ ጥቂት ናቸው ይላል። የሚጸልየውም፣ የሚያለቅሰውም፣ ቃሉን በደስታ የሚሰማውም ሳይለወጥ ሊቀር እንደሚችል እየዘረዘረ መውጫ ያሳጣል። አሁን ስጸልይ ግማሽ ልቤ ይጸልያል፤ ግማሹ ቆሞ “ይህ እውነት ነው ወይስ ልማድ?” እያለ ይመዘግባል።

የት እንደ ደረስኩ ልንገራችሁ። የምሠራው መርካቶ አካባቢ ባለ የቡና መጋዘን ውስጥ፣ ሚዛን ላይ ነው። በቀደም አንድ አዛውንት ገበሬ ጀንፈል ቡና አስመዝነው፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው ወጡ። ጆንያው ገና ከሚዛኑ አልወረደም ነበር። ጠርዙ ግድግዳው ላይ መደገፉን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቃናው አራት ኪሎ ጨመረ። በጭቃው እየሮጥኩ ደርሼ ልዩነቱን ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም መረቁኝ። ስመለስ ልቤ ምን አለኝ? “ይህን ያደረግሽው ለመዳንሽ ማስረጃ ፈልገሽ ነው።”

ለመሆኑ ፒዩሪታኖቹ ቀኑን ማወቅ ግዴታ ነው ብለዋል? ራስን መመርመርስ ማብቂያው የት ነው?

ጽኑ ዐለት

እህቴ፣ ነገሩን አታወሳስቢው። ሰው የተወለደበትን ቀን ያውቃል። ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ የሆነውን ሲናገር ሰዓቱ እኩለ ቀን እንደ ነበር እንኳ አልረሳም። ቀን ከሌለሽ ዛሬን ቀን አድርጊው። አሁኑኑ ተንበርክከሽ ተቀበዪው፤ ቅጹ ላይም የዛሬን ጻፊ።

ጋሼ ከጅሬን

ጽኑ ዐለት ወንድሜ፣ እኔ የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም። እናቴ “ቡና ለቀማ ላይ ነው” ከማለት ያለፈ ነግራኝ አታውቅም፤ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ቀን የሰጠኝ የቀበሌ ጸሐፊ ነው። ይኸው ጡረታ እየበላሁ ነው፤ መወለዴን የተጠራጠረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ጳውሎስ ቀኑን ያውቃል። ከአያቱና ከእናቱ እምነት የወረሰው ጢሞቴዎስስ? ስለ እርሱ ቀን የተጻፈ አላየሁም።

ልጄ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። እነዚህን ሰዎች ለረጅም ጊዜ አንብቤአለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ግን ፒዩሪታን ሁሉ አንድ ድምፅ አይደለም። ሼፐርድን የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ ለማን ይሰብክ እንደ ነበር ማወቅ አለበት። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ሕፃን ሁሉ ይጠመቃል፤ ሰው ሁሉ በሕግ ተገድዶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ክርስቲያን አይደለሁም የሚል የለም። ሰባኪዎቹ የሚያስጨንቃቸው በዚህ ስም ተሸፋፍኖ የተኛው ሕዝብ ነበር። ሼፐርድ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በካምብሪጅ ተማሪ ሳለ ሰክሮ አድሮ፣ ሲነቃ ከኀፍረት የተነሣ ሰንበቱን እህል ማሳ ውስጥ ተደብቆ የዋለ ሰው ነው። እንደዚያ የተለወጠ ሰው ሌላውም እንደዚያው ካልተንቀጠቀጠ አልተለወጠም ወደማለት ቢያዘነብል አይደንቀኝም። እ.ኤ.አ. በ1641 የታተመው መጽሐፉ የተኛን ለመቀስቀስ የተጻፈ ነው። አንቺ ደግሞ እንቅልፍ ያጣሽ ነሽ። የላከልሽ ወንድም ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በሽተኛዋን ግን አላያትም።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ጃይልስ ፈርሚን የሚባል፣ እርሱም ከዚያው ወገን የሆነ አገልጋይ፣ በ1670 መጽሐፍ ጽፎ ሼፐርድንና ሌላውን ፒዩሪታን ሰባኪ ቶማስ ሁከርን በስማቸው ወቅሷል። እውነተኛ አማኞችን ያለ አግባብ አስጨንቀዋል ነው የሚለው። በተለይ ያናደደው ሁከር ሰው በእውነት ከተዋረደ እግዚአብሔር ቢኰንነው እንኳ እሺ ይላል ማለቱ ነው። እኔም ከፈርሚን ጋር ነኝ። እንዲህ ያለ ሸክም መጽሐፍ ቅዱስ በማንም ትከሻ ላይ አልጫነም።

አሁን የአንቺን ታሪክ የሚመስለውን ስሚ። ሪቻርድ ባክስተር በ1615 ተወለደ። ኪደርሚንስተር በምትባል የሸማኔዎች ከተማ ቤት ለቤት እየዞረ በማስተማር የታወቀ፣ ላልተለወጡ ሰዎች የጻፈው ጥሪም በ1658 የታተመ ሰው ነው። አባቱ መጽሐፍ ቅዱስ በማንበብ ተለውጠው ስለ ነበር ልጁ ያደገው ፈሪሃ እግዚአብሔር ባለበት ቤት ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ግድም ከጓደኞቹ ጋር የሰው ፍራፍሬ ሲሰርቅ ቆይቶ፣ አንድ ድሃ የቀን ሠራተኛ ለአባቱ ያዋሳቸው የተቀዳደደ መጽሐፍ ልቡን ነካው። ቀጥሎ ደግሞ መጽሐፍ ይዞ የሚዞር ሱቅ በደረቴ ደጃቸው መጣ፤ አባቱ ከእርሱ የገዙት የፒዩሪታኑ ሰባኪ የሪቻርድ ሲብስ መጽሐፍ የክርስቶስን ፍቅር ይበልጥ ገለጠለት። ታዲያ እውነተኛው መለወጥ የቱ ጋ ነው? ባክስተር ያን ጊዜ ይሁን፣ ቀደም ብሎ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ይሁን ዕድሜውን ሙሉ ማወቅ እንዳልቻለ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ሁከርና መሰሎቹ ያስቀመጡትን የመለወጥ ቅደም ተከተል በራሱ ላይ ፈልጎ ስላጣው ብዙ ተጨንቋል። በመጨረሻ የደረሰበት መደምደሚያ እግዚአብሔር የሰውን ሁሉ ልብ በአንድ መንገድ እንደማይሰብር፣ የወላጆች ትምህርትም እንደ ስብከቱ ሁሉ ጸጋ የሚመጣበት መንገድ እንደ ሆነ ነው። የእናትሽ የሌሊት ጸሎት እዚህ ውስጥ ይገባል።

ቅጹን በተመለከተ፣ ሽማግሌዎችሽ አያውቁት ይሆናል እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሰፈሩት ፒዩሪታኖች ከ1630ዎቹ ጀምሮ አባል የሚሆን ሰው የመለወጡን ታሪክ በጉባኤ ፊት እንዲናገር ይጠይቁ ነበር። ራሱ ሼፐርድ እዚያው ማሳቹሴትስ ባለችው በሌላይቱ ካምብሪጅ እረኛ ሆኖ ምእመናኑ የተናገሩትን በደብተር ጽፎ አቆይቶልናል፤ የቤት ሠራተኞችና ተማሪዎች ሳይቀሩ አሉበት። አንብቢውና ትገረሚያለሽ። ከሚናገሩት ብዙዎቹ በጥርጣሬና በተስፋ መካከል እየዋለሉ ነው የሚጨርሱት። ያ ሁሉ ጥብቅ ነው የተባለ ሰው እንዲህ ያሉትን ተቀብሏል። ይሁን እንጂ አሠራሩ ዋጋ አስከፍሏል። ልጆቻቸው አድገው፣ በመልካም ኖረው፣ የሚተርኩት ታሪክ ግን አጡ። በ1662 እንዲህ ያሉትን ሰዎች ልጆች ለማጥመቅ፣ የጌታ እራት ግን ለእነርሱ ላለመስጠት የሚፈቅድ የግማሽ መንገድ ቃል ኪዳን ለማውጣት ተገደዱ። ቀኑ ላይ “ከሕፃንነቴ ጀምሮ፤ ቀኑን እግዚአብሔር ያውቃል” ብለሽ ጻፊ። አልቀበልም ያለ ሽማግሌ ካለ ስለ ጢሞቴዎስ ጠይቂው።

የቀረው የመመርመሩ ነገር ነው። የዚህ ትምህርት አባት ዊልያም ፐርኪንስ (1558–1602) መንገዱን ያስቀመጠው በቀላል አመክንዮ ነው። አንደኛውን ቃል መጽሐፍ ይናገራል፤ ለምሳሌ “እኛ ወንድሞችን የምንወድ ስለ ሆንን ከሞት ወደ ሕይወት እንደ ተሻገርን እናውቃለን።” ሁለተኛውን ኅሊና ይመሰክራል፤ እወዳለሁ ወይስ አልወድም? ሦስተኛው ከሁለቱ የሚወጣው ድምዳሜ ነው። ልብ በይ፤ ጥያቄው “ፍቅሬ ንጹሕ ነው ወይ?” አይደለም፤ “አለ ወይ?” ነው። ፐርኪንስ በ1597 በሰናፍጭ ቅንጣት በተሰየመች ትንሽ መጽሐፉ ከልብ የሆነ የማመንና የንስሐ ፍላጎት እንኳ የጸጋ ዘር መሆኑን አስተምሯል።

ስለ አራቱ ኪሎ ልመልስልሽ። በፒዩሪታኖቹ ዘመን እንግሊዝ አገር የወጣው የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ በ16ኛው ምዕራፉ የአማኝ መልካም ሥራ ከእኛ ሲወጣ በድካም የተደባለቀና የጎደፈ እንደ ሆነ፣ እግዚአብሔር ግን በክርስቶስ እንደሚቀበለው ይናገራል። ስለዚህ ልብሽ “ሌላም ምክንያት ነበረሽ” ሲልሽ “ነበረኝ” በዪውና እለፊ። ገበሬው ገንዘባቸውን አግኝተዋል። አንድ ሥራ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግብዝም አንድ ቀን በጭቃ ይሮጣል። የሚታየው ዓመት ከዓመት የምትሄጂበት አቅጣጫ ነው፤ እርሱን ደግሞ ካንቺ ይልቅ አብረውሽ የሚሠሩት ሳያዩት አይቀሩም።

የአጋሮው

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ለልጅቷ በሽታ የሰጧት መድኃኒት ያው በሽታው ነው። ሰው ወደ ውስጡ ባየ ቁጥር ቆሻሻ እንጂ ምን ያገኛል? እኔ በዚህ ራስን በመመርመር ጉዳይ ከጌታ እራት ሲሸሹ የኖሩ ዘመድ አሉኝ፤ ቅዱስ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ ጽዋው ሲዞር ግን ወጥተው ደጅ ይቀመጣሉ። መስቀሉን ተመልከቺ በሏት፣ ይብቃ። ደግሞስ መዳኑን እርግጠኛ ሳይሆን የዳነ ሰው አለ ነው የሚሉን?

የመንደራዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባክስተርን ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት፤ “ልጁ ፍራፍሬ መስረቁን ትቶ ነበር?” ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የአጋሮው ያለው ግን ልቤን ነካው። በመጪው እሑድ የጌታ እራት አለ። ታዲያ ልመርምር ወይስ ልተወው?

ጋሼ ከጅሬን

እናትሽ ከሽማግሌዎቹ የተሻለ ጥያቄ ጠይቀዋል።

የአጋሮው፣ ስለ ዘመድህ አዝናለሁ፤ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ግን “ሰው ራሱን ይፈትን” ያለው ጳውሎስ “እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ” ብሎ ነው የቀጠለው፤ ደጅ ይቀመጥ አላለም። የምትወቅሰው መመርመሩን ሳይሆን በግማሽ መቁረጡን ነው። ለጥያቄህ መልስ፣ አዎ፣ አለ። ያው መግለጫ በ18ኛው ምዕራፉ እርግጠኝነት ከእምነት ጋር ሁልጊዜ ተጣብቆ የሚመጣ አለመሆኑን፣ እውነተኛ አማኝ ብዙ ጠብቆና ብዙ ታግሎ ሊደርስበት እንደሚችል ይናገራል። ይህን ያጸደቁት የጨለማ ወዳጆች ሳይሆኑ እርግጠኝነትን እንድንፈልገው ግዴታችን ነው ያሉት ሰዎች ናቸው።

ልጄ፣ ቅዳሜ ማታ ጊዜ ወስነሽ ተቀመጪ፤ ሌሊቱን ሙሉ አይደለም። “በዚህ ሳምንት ማንን በደልኩ? ከማን ጋር ሳልታረቅ ቆየሁ? የማልተወው ምን አለ?” ብለሽ ጠይቂ። ስም ያለው ኃጢአት ካገኘሽ ተናዘዢው፤ ሰው ያለበት ከሆነ ለሰውየው ደውዪ። ስም የሌለው ጭንቀት ብቻ ካገኘሽ እርሱን ኃጢአት ብለሽ አትመዝግቢው። ከዚያ መብራቱን አጥፍተሽ ተኚ፤ ጠዋት ሄደሽ ብዪ።

ሼፐርድን ለጊዜው ዝጊው። በምትኩ ከሱቅ በደረቴው የተገዛውን የሲብስን መጽሐፍ ፈልጊ። በ1630 የታተመ፣ “የተቀጠቀጠን ሸምበቆ አይሰብርም” በሚለው የኢሳይያስ ቃል ላይ የተሠራ ነው። እኔ ዘንድ አለ፤ እንግሊዝኛው ያረጀ ነው እንጂ አይከብድም። ያንን ወንድም ደግሞ ሼፐርድን ለራሱ እስከ መጨረሻው አንብቦት እንደ ሆነ ጠይቂልኝ።