ጅቡቲ ላይ ባለ ነጭ ዓይኑን ሲጋል የት ላግኘው?

ጥያቄ፦ የድሬ ልጅ
ሰላም የወፍ ወዳጆች። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ እወርዳለሁ። አክስቴን ልጠይቅ ነው፤ ለወፍ የሚተርፉኝ ሁለት ጠዋቶች ብቻ ናቸው። የምፈልገው አንድ ወፍ ነው፦ ባለ ነጭ ዓይን ሲጋል። ዝዋይ ላይ ባለ ግራጫ ራሱን ሲጋል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይሄኛው ግን ኑሮው ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ስለሆነ እኛ ሐይቆች ላይ ጠብቄ አላገኘውም። አምና ሄጄ አየሁት ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ፎቶውን በኋላ ሳየው ሌላ ወፍ ሆነብኝ። የት ልሂድ? በስንት ሰዓት? እንዴትስ ልለየው?

መልስ፦ ባሕር ናፋቂ
እህቴ፣ አምና ያየሽው ሄምፕሪክ የሚባለው ሲጋል ይመስለኛል። ሁሉንም የሚያሳስት እሱ ነው። ሁለቱም እዚያው ባሕር ዳር አብረው ይውላሉ፤ ሁለቱም ጠቆር ያሉ ናቸው። በስሙ አትታለዪ፤ የባለ ነጭ ዓይኑ ዓይን ራሱ ጥቁር ነው። ነጩ ከዓይኑ በላይና በታች ያለው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቅርጽ ነው፤ ሁለቱም ወፍራምና ደማቅ ናቸው። ሄምፕሪክ ላይ ጎልቶ የሚታየው የላይኛው ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ምንቃሩን እዪ። ባለ ነጭ ዓይኑ ቀጭንና ረጅም ምንቃር አለው፤ ጥቁር ቀይ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። የሄምፕሪክ ምንቃር ወፍራም ነው፤ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ጫፉ ላይ ጥቁርና ቀይ ያለው። ጀርባውም ልዩነት አለው፤ የባለ ነጭ ዓይኑ ግራጫ፣ የሄምፕሪክ ቡናማ። በታኅሣሥ የባለ ነጭ ዓይኑ ጭንቅላት ላይ ያለው ጥቁር ቆብ በነጭ ነጠብጣብ ስለሚደበዝዝ በቆቡ ብቻ አትወስኚ።

መልስ፦ ከአዋሽ ማዶ
በጀልባ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ብትሄጂ ጥሩ ነው። ባሕሩ ንጹሕ ነው፣ ወፍም አይጠፋም።

መልስ፦ ጅቡቲ የሠራሁ
ወንድሜ፣ ሁለት ጠዋት ብቻ ላላት ሰው ደሴት አልመክርም። ጀልባ እስኪሞላ ሲጠበቅ ፀሐዩ ይወጣል። እኔ አራት ዓመት እዚያ ስኖር ይህን ወፍ ያየሁት ሁልጊዜ ሰው መሐል ነው። ዓሣ ያለበት እሱ አለ። ጀልባዎች የሚነሱበት ኤስካል የሚባለው ቦታ አለ፤ ጎህ ሲቀድ እዚያ ተገኚ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉና ዓሣ ሲያጸዱ ሲጋሎቹ ከላይ ይዞራሉ፤ አንዳንዴ አሥር እርምጃ ላይ ያርፋሉ። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ አትከተያቸው።

ከዚያ ወደ ሲዬስታ የባሕር ዳርቻ ሂጂ። የባሕሩን መሙያና መሸሺያ ሰዓት ቀድመሽ ስልክሽ ላይ እዪ። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ሰፊ ሜዳ ይሆናል፤ ሲጋሎቹ ጭቃው ላይ ቆመው ያርፋሉ። የሚበር ወፍ ከመለየት የቆመ ወፍ መለየት በጣም ይቀላል።

አንድ ነገር አደራ። ከተማዋ የብዙ አገር ጦር ሰፈር አለባት፣ ወደቡም ጥብቅ ነው። ባይኖኩላርሽንና ካሜራሽን ወደ መርከብ፣ ወደ ወታደር፣ ወደ አጥር በፍጹም አታዙሪ። ፖሊስ ከመጣ የወፍ መጽሐፍሽን ክፈችና ሥዕሉን አሳዪ። እኔን ሁለቴ ያዳነኝ ያ ነው።

መልስ፦ የሐዋሳው
ባይኖኩላር ከያዝሽ ከአገር ስትወጪ አስመዝግቢ፤ የገዛሽበትን ደረሰኝም ያዢ። እኔ አንድ ጊዜ ስመለስ መግቢያ ላይ ተይዞብኝ ብዙ ተጉላልቻለሁ። ሌላው፣ ጅቡቲ የምትወርጂበት ናጋድ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ የታክሲ ዋጋ ሳትገቢ ተስማሚ።

ጠያቂዋ፦ የድሬ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ ጅቡቲ የሠራሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ገና ያልጎለመሱትንስ በምን ልለያቸው?

መልስ፦ ጅቡቲ የሠራሁ
አሁንም በምንቃሩ ነው፣ ልጄ። የባለ ነጭ ዓይኑ ወጣት ምንቃር ቀጭንና ሙሉ ጥቁር ነው። የሄምፕሪክ ወጣት ምንቃር ወፍራም ሆኖ ሥሩ ግራጫማ፣ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው።

ጠያቂዋ፦ የድሬ ልጅ
ተመልሻለሁ! የመጀመሪያው ቀን አርፍጄ ደረስኩ፤ ዓሣው ተሽጦ አልቋል፣ የቀሩት ሄምፕሪኮች ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ቀን ሳይነጋ ኤስካል ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መጽሐፌ ላይ ሥዕሉን አይተው በጣታቸው ወደ ጀልባቸው አፍንጫ ጠቆሙኝ። እዚያው ቆሞ ነበር። ቀጭን ምንቃር፣ ቀይ፣ ጫፉ ጥቁር፤ ከዓይኑ በላይና በታች ነጭ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሁሉ ደብዝዘዋል። በኋላ ሲዬስታ ላይ ሰባት ቆጠርኩ፤ ሁለቱ ምንቃራቸው ሙሉ ጥቁር ነበር። ጋሼ፣ የእነዚያን የሁለቱን ፎቶ ነገ እለጥፋለሁ፤ እርስዎ አይተው ያረጋግጡልኝ።