ረዳት አብራሪ ነኝ፣ ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው፤ በዚህ ሥራ ትዳርና ልጅ እንዴት ይያዛል?

ሰማያዊ_ቦሌ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዳት አብራሪ ነኝ። አሁን የምበረው በአገር ውስጥ መስመር፣ በባለ ፕሮፔለሯ ኪው 400 ነው፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ጅጅጋ፣ አርባ ምንጭ። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ቀን ቆርጠናል። እጮኛዬ የሒሳብ ባለሙያ ነው፣ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ሰው። ሥራዬን ያውቃል፣ ያበረታታኛልም፣ በእሱ በኩል ጥርጣሬ የለኝም። ግን ወደ ትልቅ አውሮፕላን የመዛወር ተራዬ እየደረሰ ነው። ያ ማለት ዋሽንግተን፣ ጓንግዙ፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ብዙ ሌሊት ከቤት ውጪ ማደር ማለት ነው። እናቱ በጣም የምወዳቸው ሴት ናቸው። ባለፈው ቡና እየጠጣን «ልጄ፣ ስትወልጂስ ማን ሊያሳድገው ነው?» አሉኝ። በክፋት አልነበረም። መልስ ግን አጣሁ፣ እስካሁንም የለኝም።

መጀመሪያ ወልጄ ልጁ ከፍ እስኪል በአገር ውስጥ መስመር ልቆይ ወይስ ዝውውሩን ልቀበል? ደግሞስ በትዳር የቆያችሁ በረራና ቤትን እንዴት ነው የያዛችሁት? በሥራው ያለፋችሁ ወይም ከአብራሪ ጋር የምትኖሩ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የአብራሪ_ባለቤት፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ በሌላኛው ወገን ነኝ። ባለቤቴ ረጅም በረራ ነው የሚሠራው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ሳገባው ሰው ሁሉ ስለ መለየቱ ነበር የሚያስፈራራኝ። መለየቱ ይለመዳል። የሚከብደው መመለሱ ነው፣ ይህን ማንም አልነገረኝም።

አስቢው እስቲ፣ ሌሊቱን ሙሉ በርሮ ጠዋት ይገባል፣ ሰውነቱ ገና አሜሪካ ነው። ልጆቹ ይጠመጠሙበታል። እኔ ደግሞ እሱ በሌለበት ያጠራቀምኩት ጉዳይ አለ፤ የውሃ ታንከሩ ያፈሳል፣ ትምህርት ቤቱ ክፍያ ጨምሯል፣ የአክስቱ ልጅ ለቅሶ አለ። እየነገርኩት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። በዚህ ብዙ ተጣልተናል። አሁን የመጣበት ቀን የእንቅልፍ ነው። በዚያ ቀን እንግዳ አይጠራም፣ ገንዘብ አይወራም፣ ምንም አይወሰንም። በማግስቱ የልጆቹ ነው፣ ጉዳያችን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሌላው ደግሞ፣ እሱ በሌለበት የወሰንኩትን ነገር ሲመጣ አይሽርም። ቤት ያለው ሰው ይወስናል፣ አለቀ። አንቺ ስትበሪ የሚወስነው ባልሽ ይሆናል፣ ልጁን ያለበሰው ልብስ ባያምርሽም እንኳን ዝም በይ። ይሄ ለሴት ይከብዳል መሰለኝ፣ ምክንያቱም እኛ ከሩቅም ቢሆን ቤቱን ማዘዝ እንፈልጋለን።

ዘመድ ላይ ግን ተዘጋጂ። «ባልሽ የት አለ? ለቅሶ እንኳን አይደርስም?» ሲሉኝ ኖረዋል። እኔ በሁለታችን ስም እደርሳለሁ፣ ዕድሩም ላይ እገኛለሁ፣ እሱ ደግሞ ሲመለስ ሰልስቱም ቢያልፍ አርባው ላይ ቢሆን ይሄዳል። ሰው የሚቀየመው ጨርሶ ሲቀር ነው። በዓልም እንደዚሁ፤ ገና ላይ በረራ ከወጣበት የእኛ ዶሮ የሚሠራው እሱ የገባ ቀን ነው።

ባለ_አራት_መስመር፦

ሰላም እህቴ። እኔ ካፒቴን ነኝ፣ እናትም ነኝ። የእናቱ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ በዝርዝር መልሺላቸው እላለሁ።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ምክር፣ እርግዝናዋ ችግር የሌለበት አብራሪ በሐኪም ክትትል ልትበር የምትችለው ከ12ኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ 26ኛው ሳምንት መጨረሻ ብቻ ነው የሚለው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ስለዚህ ከ26ኛው ሳምንት ጀምሮ ፈቃድሽ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ብቻ ቢቆጠር ግማሽ ዓመት ያህል ከኮክፒት ውጪ ነሽ ማለት ነው። በዚያ ላይ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ያላረፈ አብራሪ ተሳፋሪ ይዞ አይበርም። ስለዚህ ስትመለሺ የጤና ምርመራ አለ፣ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለው የበረራ መለማመጃ) አለ። አራስ ጥሎ ሻንጣ ይዞ መሄድ የሚባል ነገር የለም፣ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያቸው። ልጁ ከፍ ካለ በኋላ ስላለው ጊዜ ደግሞ ከባልሽ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። አዋጁ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው፣ እኔ በጣም የምቆጭበት አንቀጽ ነው፣ ምክንያቱም እንደኛ ባለ ቤት ውስጥ ሕፃኑን ገና ከጅምሩ መያዝ መልመድ ያለበት አባትየው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ዝውውሩን ተቀበዪ፣ ከመውለድሽ በፊት ጨርሺው። የአዲስ አውሮፕላን ሥልጠና ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ፤ ንባቡ፣ ሌሊት የሚወጣው ሲሙሌተር፣ ከዚያ ደግሞ በመስመር ላይ ከአሠልጣኝ ጋር መብረሩ። ጡት እያጠባሽ ይሄንን መሸከም በጣም ከባድ ነው። አገር ውስጥ ብቆይ ይሻላል የሚለው ሐሳብም ከውጪ ሲታይ ነው የሚያምረው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተሽ፣ በቀን ስንቴ ተነስተሽ ስንቴ አርፈሽ፣ ማታ እቤት ታድሪያለሽ፣ እውነት ነው። ልጁ ሲነሳ ግን የለሽም፣ ስትገቢም ከእሱ ቀድሞ እንቅልፍ ይጥልሻል። በረጅም መስመር ነገሩ ሌላ ነው። የበረራ ሰዓት ገደብ አለው፣ በብዙ አገር በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት አይበልጥም፣ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ ብቻውን ወደ 30 ሰዓት ይጠጋል። ጥቂት ጉዞ ወሩን ይሞላዋል። የቀረው ቀን ሙሉ ቀን ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት የምታደርሺውም የምትመልሺውም አንቺ ነሽ። በቢሮ ሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ ይሄን አያገኙም።

ይቻላል ወይ ለሚሉሽም፣ አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ብዙ ሰው ይሄንኑ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተመራ በረራ ባንኮክ ደርሷል። አንቺ መንገዱን ከዜሮ አትጀምሪም።

የካፒቴን_ልጅ፦

አባቴ አብራሪ ነበር። እኔ ከልጅ ወገን አንድ ነገር ብቻ ልበል። አለመኖሩ አይደለም የጎዳኝ፣ «ለልደትህ እመጣለሁ» ብሎ ስታንድባይ (ድንገት ለሚጎድል በረራ ተጠባባቂ) ሆኖ ሲጠራ መቅረቱ ነው። ለልጅሽ ቀን ቆርጠሽ ቃል አትግቢ። «ስመጣ እናከብራለን» በይውና ስትመጪ የእውነት አክብሪለት። ባለበት ቀን ግን አባቴ ከማንም የሠፈር አባት በላይ ከእኛ ጋር ነበር፣ እወደዋለሁ።

ዳላስ_ቤዝ፦

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ነው የምበረው። ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ የምትኖሩበት ቦታ። እዚህ ብዙ አብራሪ ቤተሰቡ ያለበት ከተማ አንድ ነው፣ ሥራ የሚጀምርበት ከተማ ሌላ። በረራ ላይ ለመድረስ ሌላ በረራ ይሳፈራል። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ከኒውአርክ ወደ ቡፋሎ ሲሄድ የወደቀው አውሮፕላን አንቺ የምትበሪው ዓይነት ኪው 400 ነበር፣ 50 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት አውሮፕላኑ ፍጥነት እያጣ መሆኑን ለሚናገረው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ብለዋል፤ ግን ሁለቱም አብራሪዎች ደክሟቸው እንደነበርም ጽፈዋል። ረዳቷ አብራሪ ሌሊቱን ከሲያትል ስትጓዝ ነበር ያደረችው። ከዚያ አደጋ በኋላ እዚህ ሕጉ ተቀየረ፣ አሁን ከበረራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ የሚተኛበት ዕድል ግድ ነው። መንገድ ላይ የሚያልቀውን ሰዓት ግን ሕጉ አይመልስልሽም።

ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ ለኤርፖርቱ ቅርብ ይሁን። ጠበብ ቢል ጠበብ ይበል። ሌላው፣ እኔና ባለቤቴ ከበረራ በፊት ባለው ማታ ጠብ አንጀምርም። የተበሳጨችበት ነገር ካለ «ስትመለስ አለኝ» ትለኛለች፣ ስመለስም ታነሳዋለች፣ አትረሳም። ለበረራ ብቁ ነኝ ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝና ተጣልቼ ሳልተኛ አድሬ ብፈርም ውሸት ይሆናል።

ሰማያዊ_ቦሌ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንድ በአንድ ለእጮኛዬ አነበብኩለት። ቤቱን በተመለከተ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል፣ እዚያ ልንገባ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ለሌሊት 10 ሰዓት የሥራ መግቢያ ቦሌ መድረስ ምን እንደሆነ አሁን ነው ያሰብነው። አከራይተነው ገርጂ አካባቢ ብንከራይ የሚል ሐሳብ አመጣ፣ ኪራዩ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። እናቱን ደግሞ ልጅ ሲመጣ ለጥቂት ወራት ከእኛ ጋር እንዲሆኑ መጠየቅ ይከብዳል? በዚህ ዕድሜያቸው መጫን እንዳይሆንብኝ።

የአብራሪ_ባለቤት፦

የሚከብዳቸው ሳትጠይቂያቸው ብትቀሪ ነው። ማን ያሳድገዋል ያሉሽ ሴት ራሳቸውን እያሰቡም ሊሆን ይችላል። ግን ሠራተኛ ቀጥሩ፣ እሳቸው ቤት ውስጥ ዓይን ይሁኑ እንጂ የሌሊቱን ልቅሶና ጡጦውን አትጣሉባቸው፣ ሌሊቱ የባልሽ ነው። ሮስተሩ (የበረራ ፕሮግራምሽ) በየወሩ ሲወጣ ለእሳቸውም አሳዪያቸው፣ የአንቺን መሄጃና መምጫ ሲያውቁ እሳቸውም ቤተ ክርስቲያናቸውንና ማኅበራቸውን ያቅዳሉ።

ስለ ገርጂው የዳላሱ ወንድማችን ካለሽ ላይ እኔ የምጨምረው የለም፣ ልዩነቱን ክፈሉት።

ባለ_አራት_መስመር፦

አንድ የረሳሁት። ለሠርጉ አሁኑኑ ፈቃድ ጠይቂ። በአዋጁ ለጋብቻ የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ብቻ ነው፣ መልሱና ቅልቅሉ ሲጨመር አይበቃሽም፣ ከዓመት ፈቃድሽ ቀጥዪበት። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሠርግ ወቅት ስለሆነ ሁሉም ነው የሚጠይቀው፤ የዚያ ወር ሮስተር ከተሠራ በኋላ ብትመጪ ማንም ሊረዳሽ አይችልም።