ፒት ሮዝ ሞተ፣ እገዳው ተነሳ፤ ክብሩስ ይገባዋል?

የኮሎምበሱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤዝቦል የምንከታተል ሐበሾች ብዙ አይደለንም። ግን ይህን ጉዳይ በራሳችን ቋንቋ ብንከራከርበት ደስ ይለኛል። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፒት ሮዝ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ ውስጥ በ83 ዓመቱ አረፈ። በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ ታሪክ የእሱን ያህል ሂት (ኳሱን መትቶ ሮጦ ቤዝ የሚባለውን ማረፊያ መያዝ) ያለው ሰው የለም፤ 4,256። የእሱን ያህል ጨዋታ የተሰለፈም የለም፤ 3,562። ግን የሲንሲናቲ ሬድስ አሰልጣኝ ሳለ በራሱ ቡድን ጨዋታዎች ላይ ገንዘብ እያስያዘ ሲወራረድ እንደነበር በምርመራ ተደረሰበት። ኦገስት 1989 ላይ ከቤዝቦል ለዘለቄታው ታገደ። በ1991 ደግሞ ሆል ኦፍ ፌም፣ ማለትም ኩፐርስታውን ያለው የዝነኞች አዳራሽ፣ የታገደ ሰው ለምርጫ እንዳይቀርብ ደንብ አወጣ።

ሜይ 13 ቀን 2025 የሊጉ የበላይ ኃላፊ፣ ኮሚሽነሩ ሮብ ማንፍሬድ፣ እገዳ ከሰውየው ሞት ጋር ያበቃል ብለው ወሰኑ። ሮዝን ጨምሮ 17 ሟቾች ከዝርዝሩ ወጡ። የድሮ ተጫዋቾችን የሚያየው ኮሚቴ ዲሴምበር 2027 ሲሰበሰብ የሮዝ ስም ሊቀርብ ይችላል። ከ16 መራጮች 12 ድምፅ ካገኘ ይገባል።

የኔ አቋም ይኸው። ሮዝን እናስታውሰው፣ ሙሉውን ታሪኩን እናስታውሰው። ምስሉን ግን ከተከበሩት ጋር ግድግዳ ላይ አንስቀል። 35 ዓመት ሙሉ አይገባውም የተባለ ሰው፣ ስለሞተ ብቻ የሚገባው የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። መሞት ንስሐ አይደለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ሲንሲናቲ፦
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ነፍስ ይማር ይባላል።

እኔ ሲንሲናቲ የገባሁት በ80ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ከሱዳን። እንግሊዝኛዬን ያፍታታሁት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነው። የሬድስን ጨዋታ ማርቲ ብሬናማንና ጆ ነክስሆል ነበሩ የሚያስተላልፉት። መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አይገባኝም ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ሂትና ስትራይክ መለየት ጀመርኩ። አንድ ስም ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰማኝ ነበር፤ ሮዝ።

ልጁ የከተማው ልጅ ነው። እዚያው ሲንሲናቲ ተወልዶ ያደገ። ከሱ የፈጠኑ፣ ከሱ ኳስ የሚያርቁ ሞልተው ነበር። እሱ ያለው ጉልበትና እልህ ነው። ወርዋሪው አራት ስቶበት በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲላክ እንኳ፣ ሌላው እየተንሸራሸረ የሚሄደውን እሱ በሩጫ ነበር የሚሄደው። እኛ ሁለት ሥራ እየሠራን ልጅ የምናሳድግ ስደተኞች እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አንወድም?

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1985 ማታ ከሳንዲያጎ ጋር ሲጫወቱ የታይ ኮብን የሂት ሪከርድ ሰበረ። ወርዋሪው ኤሪክ ሾው ነበር። ሪቨርፍሮንት ስታዲየም ያለው ሕዝብ ተነስቶ አልቀመጥም አለ። ጭብጨባው ደቂቃዎች ፈጀ። ያ ብረት የሚመስል ሰው አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ልጁ ሮጦ መጥቶ አቀፈው። እኔ መኪናዬን ዳር ይዤ ነበር የሰማሁት።

የተወራረደው ሬድስ ያሸንፋል ብሎ ነው። ይሸነፋል ብሎ ስለመወራረዱ ማስረጃ አልቀረበም። ጨዋታ አልሸጠም። እስር ቤትም ገብቶ ወጥቷል፤ በ1990 በግብር ጉዳይ አምስት ወር ታስሯል። ከዚያም እስኪሞት ድረስ ከሚወደው ጨዋታ ተገልሎ ኖረ። ስንት ጊዜ ይቀጣ?

ሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ይሸነፋል ብሎ አልተወራረደም» የሚለው መከራከሪያ አያድነውም። አሰልጣኝ ነው። ዛሬ ማን ይጫወት፣ ማን ይረፍ የሚለው በእጁ ነው። ብዙ ብር ያስያዘበት ቀን የደከመውን ወርዋሪ ከልክ በላይ ሊያስወረውር ይችላል፣ ያ ልጅ ነገ ትከሻው ይጎዳ አይጎዳ ሳያስብ። ገንዘብ ያላስያዘበት ቀን ደግሞ ለአቋማሪዎቹ ራሱ መልእክት ነው። «ዛሬ ሮዝ በቡድኑ አልተማመነም» ማለት ነው። የመርማሪው የጆን ዳውድ ሪፖርት በ1987 ብቻ 52 የሬድስ ጨዋታዎች ላይ መወራረዱን ይዘረዝራል።

ደንቡ ደግሞ የተደበቀ አይደለም። በየቡድኑ መልበሻ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። የ1919ኙ የዎርልድ ሲሪስ (የሊጉ የዓመቱ ፍጻሜ) ቅሌት፣ የቺካጎ ዋይት ሶክስ ስምንት ተጫዋቾች ከአቋማሪዎች ጋር ተመሳጥረው ሆን ብለው ተሸንፈዋል ተብለው የታገዱበት፣ ለዚህ ሁሉ መነሻ ነው። ሮዝ ይህን እያየ ነው ልብሱን የሚቀይረው። ከታገደ በኋላም በቤዝቦል ላይ ተወራርጄ አላውቅም እያለ እስከ 2004 ዋሸ።

ግን የኮሎምበሱ፣ ካንተም አልስማማም። እገዳው መነሳቱ ልክ ነው። እገዳ የተሠራው ጨዋታውን ከአደገኛ ሰው ለመጠበቅ ነው። ሬሳ ጨዋታ አያበላሽም። ማንፍሬድም ያሉት ይህንኑ ነው፤ የሞተ ሰው ለጨዋታው ስጋት አይሆንም፣ ዕድሜ ልክ መታገድ ራሱ ለሌላው በቂ ማስፈራሪያ ነው። ይህ ሕጋዊ ጥያቄ ነው፣ ተመልሷል። ክብር ይሰጠው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የሆል ኦፍ ፌም መመዘኛ ውስጥ ታማኝነትና ጠባይ ተጽፈዋል። እዚያ ላይ እኔ አይገባውም ባይ ነኝ። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ከአዲስ አበባ፦
ቤዝቦል አላውቅም፣ ክርክሩ ስቦኝ ነው። እዚህ ቤቲንግ የስንቱን ወጣት ደሞዝ እንደሚበላ በዓይኔ አያለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። አሜሪካ ያለው ሊግ ራሱ አሁን ከቤቲንግ ድርጅቶች ጋር አይሠራም?

የኮሎምበሱ፦
ይሠራል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስፖርት ውርርድ ላይ የነበረውን ክልከላ ካነሳ ወዲህ ግዛቶች እየተከተሉ ፈቅደዋል፣ ሊጉም ከነሱ ጋር ውል አለው። እኛ ኦሃዮ ውስጥ ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ሕጋዊ ሲሆን፣ ሲንሲናቲ ባለ አንድ ካዚኖ የመጀመሪያውን ውርርድ እንዲያስይዝ የተጋበዘው ማን መሰለህ? ፒት ሮዝ ራሱ። ሬድስ ዎርልድ ሲሪስ ይወስዳል ብሎ አስያዘ። ይህን ሳይ ያናደደኝ ሮዝ አይደለም፣ ከበሽታው ትርፍ የሚሰበስቡት ናቸው።

ግን ልብ በል። ተመልካች መወራረዱና ተጫዋች መወራረዱ አንድ አይደለም። ጁን 2024 ላይ ቱኩፒታ ማርካኖ የተባለ ተጫዋች በቤዝቦል ላይ ተወራርዶ ዕድሜ ልክ ታገደ። ኖቬምበር 2025 ሁለት የክሊቭላንድ ወርዋሪዎች ለአቋማሪዎች ሲሉ ውርወራ አስተካክለዋል ተብለው በፌደራል ተከሰሱ። እነሱ አላደረግንም ብለዋል። አደጋው በር ላይ ቆሞ እያለ ነው እንግዲህ የሮዝን ምስል እንስቀል የሚባለው።

የሜሪላንዷ እናት፦
ሁላችሁም ስለ ብር ታወራላችሁ። ስለ ልጅቷ ማን ያውራ?

በ2017 በፍርድ ቤት በቀረበ የመሐላ ቃል፣ አንዲት ሴት በ1970ዎቹ 16 ዓመት ሳይሞላት ሮዝ የወሲብ ግንኙነት እንደጀመረ ተናገረች። እሱ ያኔ በ30ዎቹ ያለ፣ ያገባ፣ የልጆች አባት ነው። ግንኙነቱን አልካደም፤ 16 የሞላት መስሎኝ ነበር አለ። በወንጀል አልተከሰሰም። የቀድሞ ቡድኑ ፊላዴልፊያ ፊሊስ ግን በዚያው ክረምት ሊያደርግለት የነበረውን የክብር ሥነ ሥርዓት ሰረዘ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። እኔም የለቅሶ ቤት ወግ አውቃለሁ። ለቅሶ ላይ የሟች ክፉ አይነሳም፣ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይሰማልና። ይህ ግን ለቅሶ አይደለም። ምርጫ ነው። የሮዝ ሞት የዚያችን ሴት ቃል አያጠፋም። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ወስዷቸው ያንን አዳራሽ ቢጎበኙ፣ ይህ የተከበረ ሰው ነው ተብሎ ሲነገራቸው እኔ አልቀበልም።

ጋሽ ሲንሲናቲ፦
እህቴ፣ ያልሽው ከብዶኛል፣ አላቃልለውም። ግን አዳራሹ የጻድቃን ቤት ነው? ጥቁር ተጫዋች ካለበት አልጫወትም ይል የነበረው ካፕ አንሰን ከ1939 ጀምሮ እዚያ አለ። ሮቤርቶ አሎማር በ2021 የፆታ ጥቃት ክስ ተመርምሮ በሊጉ ከታገዱት ዝርዝር ገባ፤ ምስሉ ግን አልወረደም። ለአንዱ ጠባይ ይታያል፣ ለሌላው አይታይም?

የሜሪላንዷ እናት፦
የነሱ መኖር የሚያሳየው መጀመሪያ ጥሩ አለመጠየቁን ነው። አንድ ስህተት ለሌላ ስህተት ፈቃድ አይሆንም፣ ጋሼ።

የቁጥር ወዳጅ፦
እኔ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። በ2024 ብቻ ማንን እንዳጣን ተመልከቱ። ዊሊ ሜይስ፣ ኦርላንዶ ሴፔዳ፣ ሉዊስ ቲያንት፣ ፈርናንዶ ቫሌንዝዌላ፣ ሪኪ ሄንደርሰን። ሜይስ ያረፈው ጁን 18 ነው፣ በርሚንግሃም ውስጥ ሪክዉድ ፊልድ ላይ የጥቁሮቹን ሊግ፣ ጥቁሮች ከሜጀር ሊግ በተከለከሉበት ዘመን የነበረውን፣ የሚዘክር ጨዋታ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው። ልጅ ሳለ የተጫወተበት ሜዳ ነው። የሜይስን መታሰቢያ ሳስብ ልቤ ይሞላል። በሮዝ ላይ የምናጠፋውን ጊዜ ሳስብ ግን ያንገበግበኛል።

ሴፔዳን ውሰዱ። በማሪዋና ታስሮ አሥር ወር ያህል ቆየ። ስሙ ጠፋ። ወጥቶ ለዓመታት ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እየዞረ ልጆችን መከረ። በ1999 በሕይወት እያለ ተመረጠ። የይቅርታ መንገድ ነበረ ማለት ነው፤ የሚሄድበት ካለ።

አሁን ደግሞ ጥፋት የሌለባቸውን እዩ። በጥቁሮቹ ሊግ የተጫወተው ባክ ኦኒል፣ በ2006 የዚያው ሊግ 17 ሰዎች ሲመረጡ እሱ ቀረ። ቅር ሳይለው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ስለነሱ ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አረፈ። የተመረጠው በ2021 መጨረሻ ነው። ዲክ አለን ሁለት ጊዜ በአንድ ድምፅ ብቻ ወደቀ፣ ሁለተኛው በ2020 ካረፈ በኋላ ነው፤ በ2024 ተመረጠ። ዴቭ ፓርከር ደግሞ ፓርኪንሰን ይዞት ሲጠብቅ ኖሮ ዲሴምበር 2024 ተመረጠ። ሥነ ሥርዓቱ ጁላይ 27 ቀን 2025 ሊደረግ፣ ጁን 28 አረፈ። አንድ ወር ጎደለው። ያዘጋጀውን ግጥም ልጁ ቆሞ አነበበለት።

ከርት ፍለድ ደግሞ እስካሁን ውጭ ነው። በ1969 ያለፈቃዱ ወደ ሌላ ቡድን ሲያዛውሩት ዕቃ አይደለሁም ብሎ እምቢ አለ። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1972 ተሸነፈ። የጨዋታ ዘመኑ በዚያው አበቃ። ዛሬ ተጫዋቾች በነፃነት ቡድን መርጠው በመቶ ሚሊዮኖች የሚፈርሙበት መንገድ ሲከፈት ከፊት የቆመው እሱ ነው። በ1997 አረፈ። ለፍለድ ኮሚሽነር ቢሮ ገብቶ የጮኸለት ፖለቲከኛ አለ? ለሮዝ ግን ፕሬዚዳንቱ ትራምፕ ራሳቸው ተናግረውለታል።

ሕግ ተማሪዋ፦
የፍለድን ክስ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። አምስት ለሦስት ነው የተፈረደበት። ፍርድ ቤት በቀረበበት ጊዜ በሥራ ላይ ካሉት ተጫዋቾች አንድም መጥቶ አልመሰከረለትም፣ ፈርተው። ጡረታ የወጡት ጃኪ ሮቢንሰንና ሀንክ ግሪንበርግ ግን መሰከሩለት።

ጋሽ ሲንሲናቲ፦
ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ፍለድ ይግባ፣ እኔም እፈርማለሁ። ግን የአንዱ መዘግየት ለሌላው በር መዝጊያ አይሁን። የኔ ሐሳብ ይኸው። ሮዝን አስገቡት፣ ከምስሉ ሥር 4,256 ብላችሁ ጻፉ፣ ቀጥላችሁም «በ1989 በውርርድ ታግዷል» ብላችሁ በዚያው ነሐስ ላይ ጻፉ። ታሪክ ሳይቆረጥ ይነገር። የጃኪ ሮቢንሰን ጽሑፍ እኮ በ2008 ተለውጧል፣ ጥቁር ሆኖ ሜጀር ሊግ በመግባት የዘር አጥሩን መስበሩ በድሮው ላይ ስላልነበረ። መጻፍ ይቻላል።

የኮሎምበሱ፦
ጋሼ፣ ይህን ሐሳብ ካነበብኩት ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ። ግን ሙዚየሙና የክብር ግድግዳው ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። የሮዝ ዕቃዎች ሙዚየሙ ውስጥ ዛሬም አሉ። ታሪኩ አልተቆረጠም። የ1985ቷን ማታ ማንም አልወሰደብዎትም። ግድግዳው ግን ሽልማት ነው፣ ሽልማት ላይ ጥፋት ጽፎ መስጠት ለሁለቱም ወገን አይሆንም። የሜሪላንዷ እህታችን ያነሳችውን ደግሞ በየትኛው መስመር ልንጽፈው ነው?

ሌላው የምርጫው አሠራር ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚቀርበው ስምንት ስም ብቻ ነው። አንድ መራጭ ከሦስት በላይ መምረጥ አይችልም። ስለዚህ ለሮዝ የሚሰጥ ድምፅ ከሌላ ሰው ላይ የሚቀነስ ነው። እኔ ብመርጥ አንደኛ ከርት ፍለድ፣ ሁለተኛ ሉዊስ ቲያንት እላለሁ። ሦስተኛውን ባዶ ብተወው እመርጣለሁ እንጂ ሮዝን አልጽፍም። ጋሼ፣ የእርስዎስ ሦስቱ እነማን ናቸው?

ጋሽ ሲንሲናቲ፦
አንደኛ ሮዝ። ሁለተኛ ፍለድ። ሦስተኛውን እስከ 2027 አስብበታለሁ፤ የቲያንትን ነገር ግን ንገሩኝ፣ እሱን በደንብ አልተከታተልኩትም።