ሁለቱንም ባቷን ያማት የነበረች ልጅ አሁን በግራ ብቻ ታነክሳለች

ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ደሴ ነው። ልጄ 6 ዓመቷ፣ ክብደቷ 18 ኪሎ ነው። ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ሁለቱንም ባቷን ያማት ነበር። አሽቼላት፣ በሞቀ ፎጣ ሸፍኜላት ትተኛለች፤ ጠዋት ምንም እንዳልነበረ ትሮጣለች። «የእድገት ህመም ነው» ተባልኩ፤ አመንኩ።

ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን የሚያማት ግራው ብቻ ነው። ጠዋትም ታነክሳለች፣ የሰፈራችንን ዳገት ሳትጨርስ ትቀመጣለች። የምታሳየኝ ጉልበቷን ነው፤ ጉልበቷ ግን አላበጠም፣ አይሞቅም። በጀርባዋ አስተኝቼ እግሯን ወደ ውስጥ ሳዞረው ነው የምትጮኸው። የዳሌ ህመም ጉልበት ላይ እንደሚሰማ ስለማውቅ ያስፈራኝ ይኸው ነው። ትኩሳት የላትም፣ አልወደቀችም። ፓራሲታሞል ሽሮፕ (120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ) 10 ሚሊ ስሰጣት ለጥቂት ሰዓት ይተዋትና ይመለሳል።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ የሁለቱንም ዳሌ ራጅ ይነሳላት ልበል ወይስ አልትራሳውንድ ይቀድማል?